ለእባቤ ብርድ ፍለጋ ስባዝን...

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። እኔ ደግሞ እባብ አይቼ ካርቶን ፍለጋ የሮጥኩ ሰው ነኝ። እስኪ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። ያሳደግኳቸው እባቦች መርዝ የላቸውም፣ ማንንም አልነከሱም፣ በእነሱ የተጎዳ ሰውም የለም። የሞተችው ራሷ እባቧ ናት። የገደልኳትም እኔ ነኝ። ያውም በዱላ ሳይሆን በፍሪጅ፣ በክፋት ሳይሆን በምክር!

ለመሆኑ እባብ በፍሪጅ እንዴት ይሞታል? እንዴትስ ፍሪጅ ውስጥ ገባ? ነገሩ ረዘም ይላል። ግን ከውጭ የመጣ ምክር ሁሉ እንዳለ ለኛም ይሠራል ብላችሁ የምታምኑ ወጣቶች ብትሰሙት አትከስሩም።

ከወንጂ እስከ ሰርቪሷ

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ ዘመድ ልጠይቅ ወንጂ ሄድኩ። ወንጂን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሸንኮራ አገዳ ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ አይጠፋም። በዘመዶቼ የእህል ክፍል ውስጥ ሁለት እባቦች ታዩና ሰፈሩ ዱላ ይዞ ወጣ። ዕድሜያቸውን በእርሻ ሥራ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ግን መሐል ገቡ። «ተዉ ልጆች! እነዚህ መርዝ የላቸውም። አይጣችሁን ነው የሚበሉላችሁ» አሉ።

ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ከአፍንጫቸው ተነስቶ በዓይናቸው በኩል ወደ ኋላ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር አላቸው። በኋላ እንደተረዳሁት «የአፍሪካ የቤት እባብ» ከሚባሉት ወገን ናቸው። አይጥን በመርዝ ሳይሆን ተጠምጥመው በማነቅ ነው የሚገድሉት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ገዝተው በመስታወት ሳጥን ያሳድጓቸዋል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንሽላሊትም ኤሊም ነፍሴ ነው። በካርቶን አድርጌ ናዝሬት ይዣቸው ገባሁ። (አዳማ በሉኝ፤ አፌ አልለምድ ብሎኝ ነው እንጂ ተቃውሞ የለኝም።) እማዬ ካርቶኑን ስታይ «ወይ እነሱ ወይ እኔ!» አለች። ከሦስት ቀን ልመና በኋላ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ተፈቀደችልኝ። እጮኛዬ ደግሞ ከበሩ አልፋ አትገባም። በር ላይ ቆማ «ለሠርጋችንም ካርቶን ይዘህ እንዳትመጣ!» ትለኛለች። ትልቋ ሴት፣ ቀጭኑ ወንድ ነበር። እኔም እንደማንኛውም ባለ ጥንድ ሰው ልጆቻቸውን ለማየት ጓጓሁ።

የሚኒሶታው ምክር

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የሚወርድበት አገር መሆኑን የሰማችሁ ትሰማላችሁ። እሱ በቤቱ ምድር ቤት «የበቆሎ እባብ» የሚባሉትን ያረባል። ቀያይና ብርቱካናማ፣ መርዝ የሌላቸው፣ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። ደወልኩለት። «እንዲወልዱልኝ ምን ላድርግ?»

«ቀላል ነው» አለኝ። «ዊንተር ላይ አቀዝቅዛቸው። ሳይበርዳቸው ለፍቅር አይነሱም።»

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን እውነት ነው። እባብ እንደኛ የራሱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም። ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲበርድ ይበርዳል። ብርድ ባለበት አገር የተፈጠረ እባብ ቅዝቃዜው ሲገባ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ልቡ ቀስ ብላ ትመታለች፣ ምግብ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ግን አይደለም፤ ውሃ ሲጠማው ነቅቶ ይጠጣል። ይህ ብርድና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ለሰውነቱ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው። የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል የሚዘጋጁበትን ወቅት የሚነግረው እሱ ነው።

በካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ ናርሲስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ቀይ ጎን ያላቸው ትናንሽ እባቦች በአሥር ሺዎች እየሆኑ በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ብርዱን ያሳልፋሉ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። አንዷን ሴት ብዙ ወንዶች ከበው ኳስ ይሠራሉ። ሰው ከሩቅ አገር እየሄደ የሚጎበኘው ትርዒት ነው። የእነዚህን እባቦች ጠባይ ያጠኑ ሰዎች እንዳረጋገጡት የወንዱን የፍቅር ስሜት የሚቀሰቅሰው ከረጅም ብርድ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ነው። ብርዱን ያላየ ወንድ ሴቷን ዞር ብሎም አያያት!

የአክስቴ ልጅ እንዴት እንደሚያደርግ በዝርዝር ነገረኝ። መጀመሪያ ጤነኛ፣ ለአካለ መጠን የደረሰና ሥጋ የያዘ እባብ ይመርጣል። ከማቀዝቀዙ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ምግብ ይከለክለዋል፤ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ምክንያቱም እባብ የበላውን የሚፈጨው በሙቀት ኃይል ነው። ከበላ በኋላ ከበረደው ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። ከዚያ ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። በጨለማና በጸጥታ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያቆየዋል። ንጹሕ ውሃ አይለየውም። በየጊዜው ይመዝነዋል፤ ክብደቱ ቶሎ ከወረደ ወይም ከአፉ አረፋ ከታየ ወዲያው ያሞቀዋል። ሲጨርስ እንደገና ቀስ ብሎ ያሞቅና ይመግባል። ቆዳቸውን ከጣሉ በኋላ ነው ወንዱንና ሴቷን የሚያገናኛቸው።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩት። በደብተሬ አናት ላይም በትልቁ «በክረምት አቀዝቅዝ!» አልኩ። ያ ቃል ነው ጉድ የሠራኝ።

ክረምት ወይስ ብርድ?

ትምህርት ቤት «ዊንተር» ማለት ክረምት ነው ብለው አስተማሩን፤ እኛም ተቀበልን። አስቡት እስኪ! የእነሱ ዊንተር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በዚያን ጊዜ እኛ በጋ ላይ ነን። የእኛ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናብና ጭቃ ነው። ያን ጊዜ እነሱ ባሕር ዳር ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለቱ ክረምቶች ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የሌሊቱ ብርድ የሚመጣው መቼ ነው? የሞጆ፣ የመቂ፣ የዝዋይ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በክረምት ሰማዩን የሸፈነው ደመና የምድሩን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያቆየዋል። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል። ጋቢ የምንፈልገው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን ደብተሬን አምኜ ሐምሌ ላይ ጀመርኩ። ቴርሞሜትር ገዝቼ ሰርቪሷ ውስጥ ሰቀልኩ። ሌሊት 21 ዲግሪ! መስኮት ከፈትኩ፣ 20። ሲሚንቶው ላይ አወረድኩት፣ 20። ናዝሬት ላይ ብርድ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነበረው፤ በደንብ አያቀዘቅዝም ብሎ ጓሮ የጣለው። ሰካነው፣ 11 ዲግሪ። ልክ በምክሩ መሠረት! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

እባቦቹን በቀዳዳ ሣጥን አድርጌ ይዤ ስወጣ እማዬ በሩ ላይ አገኘችኝ። ሣጥኑን ከፍታ (መቼም እየለመደቻቸው ነበር) ትልቋን አየቻትና «አንተ ልጅ፣ ይቺ እኮ ከወገቧ በታች ወፍራለች። ነፍሰ ጡር ትመስላለች» አለችኝ። እጮኛዬም ነበረች፤ ከሩቅ አየት አድርጋ «እውነቷን ነው» አለች።

«እናንተ ስለ እባብ ምን ታውቃላችሁ? ትናንትና አይጥ በልታ ነው» ብዬ ሄድኩ።

አዎ፣ ትናንትና በልታ ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት ጾም የሚለውን በገዛ እጄ ጽፌው ነበር፤ ግን ሐምሌ እንዳያልፍብኝ ቸኮልኩ። ቀስ በቀስ የሚለውንም ረሳሁት። ከ24 ዲግሪ ወደ 11 በአንድ ከሰዓት!

በአራተኛው ቀን አይጧን ተፋቻት። ሽታው ፍሪጁን ሞላው። «ሆዷ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ይኸው ራሷ ባዶ አደረገችው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በዘጠነኛው ቀን ሣጥኑን ስከፍት ትልቋ ደርቃ ነበር። ወንዱ ይተነፍሳል፤ ግን አፉን ከፍቶ ነው፤ በአፉ ዳር አረፋ አለ።

ዘጠኝ እንቁላል

ሁለቱንም ይዤ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም በረርኩ። ዶክተሩ እንደ ሌሎቹ አልሳቁብኝም። ለወንዱ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ፤ «በቶሎ አሙቀው፣ ግን ቀስ አድርገህ» አሉ። ከዚያ ሴቷን ለምን እንደሞተች ለማወቅ ከፈቷት።

ውስጧ ዘጠኝ እንቁላል ነበር። ነጫጭ፣ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ተደርድረው።

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝና «ለምን ነበር ያቀዘቀዝካት?» አሉኝ።

«እንድታረግዝ» አልኳቸው።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም አልቻልኩም።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለመሆኑ ምን ዓይነት እባብ ነበረች?» ብሎ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም ፎቶ እንኳን አልላክሁለትም ነበር። የአፍሪካ የቤት እባብ እንደሆነች ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ወንድሜ፣ እኔ የነገርኩህ እኮ የብርድ አገር እባብ ነው። ያንቺ... ያንተ እባብ የናዝሬት ልጅ ናት! እሷን ምን ብርድ ያስፈልጋታል?» አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እሱም ጥፋቱን ተካፈለኝ።

ሀገሩ የት ነው?

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የተረዳሁት በአጭሩ ይኸው። እባብን ስለ ማቀዝቀዝ ከማሰብ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ሀገሩ የት ነው?» የሚል ነው።

የቤት እባቦች ያለ ከባድ ብርድ ይራባሉ። አንዲት ሴት በደንብ ከበላች በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የወንዱንም ዘር በሰውነቷ አቆይታ በኋላ ትጠቀምበታለች። እንዲያውም አርቢዎች የሚቸገሩት ስለ በዙባቸው፣ ሴቷም ያለ ዕረፍት ወልዳ ስለምትደክም ነው። ለእሷ የሚደረግላት ነገር ማቀዝቀዝ ሳይሆን ከወንዱ ለይቶ ማሳረፍ ነው!

ከምዕራብ እስከ መካከለኛው አፍሪካ የሚኖረው ትንሹ ዘንዶ፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው፣ በውጭ አገር በብዛት ይረባል። እሱን የሚያረቡት ሰዎች ሌሊት ሌሊት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ያደርጉለታል፤ እሱም ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው። ቀን የሚሞቅበትን ጥግ አይነሱትም። እንደ በቆሎ እባብ 11 ዲግሪ ላይ ቢያውሉት ልክ እንደ እኔው ወንድ አረፋ ይደፍቃል።

በእኛም አገር ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዘንዶ አለ። እናቲቱ እንቁላሎቿን ጥላ ዙሪያቸውን ትጠመጠማለች፣ ሳትበላ ትጠብቃለች። በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደግሞ የዚህኑ ዘንዶ የቅርብ ዘመድ ተከታትሎ የሚገርም ነገር አሳይቷል። እናቲቱ ከጉድጓዷ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሰውነቷ ወደ 40 ዲግሪ እስኪጠጋ! ቆዳዋም በዚያ ወራት ይጠቁራል። ያንን ሙቀት ተሸክማ ተመልሳ እንቁላሎቿን ታቅፋለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከልጆቿ አትለይም። ይህን ሳነብ ዘጠኙ እንቁላል ዓይኔ ላይ መጣ። እናት ሙቀት ፍለጋ ሞት አፋፍ ድረስ ትሄዳለች፤ እኔ ግን የእኔይቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳት።

በአገራችንም ቢሆን ሁሉም እባብ የቆላ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ደጋ ደኖች ውስጥና በባሌ ተራሮች ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ እፉኝቶች አሉ፤ የባሌው በሳይንስ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እነዚህ ጭጋግና ብርድ ያውቃሉ። እንዲህ እያለ በአንድ አገር ውስጥ እንኳን ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር የለም።

ለወጣት አንባቢዎቼ

አንደኛ፣ እኔን አይታችሁ እባብ እንዳትይዙ! መርዛማውንና መርዝ የሌለውን መለየት የሽማግሌ ዓይን ይጠይቃል፤ ስህተቱ ደግሞ አይታረምም። ሕጉም አለ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት። ዘንዶም በዚያ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ካሉት አንዱ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከረፈደ ነው፤ «አላውቅም ነበር» ማለት ግን ምክንያት አይሆንም። እባብ ቤት ከገባ ልጆችን አርቁ፣ በሩን ክፈቱለት፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ከነከሰ ደግሞ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ የለም፤ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅሱ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት!

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ እባብ የምታሳድጉ ወገኖቻችን ካላችሁ እነዚህን አትርሱ። ያልታወቀ እባብ አይቀዘቅዝም። የታመመ፣ የከሳ፣ ያላደገ አይቀዘቅዝም። የበላ አይቀዘቅዝም። ሆዷ የወፈረ ሴት ደግሞ በፍጹም አትቀዘቅዝም! ሙቀትም ቅዝቃዜም ቀስ በቀስ ይሁን፤ ውሃ አይጥፋ፤ ከአፉ አረፋ የታየ እባብ ወዲያው ወደ ሙቀት ተመልሶ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛው ስለ እባብ አይደለም። በስልካችን ከየአገሩ ምክር ይዘንብብናል። እንዲህ ብላ፣ እንዲህ ክሳ፣ ፍቅረኛህን እንዲህ ፈትናት፣ ባልሽን እንዲህ አቀዝቅዢው! መካሪው ክፉ ላይሆን ይችላል። የአክስቴ ልጅ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእሱ አገር፣ ለእሱ እባብ። እኔ ግን ከዓይኔ ሥር ያለችውን ትቼ ደብተሬን አየሁ። እባብ ከሚፈሩ ሁለት ሴቶች ያነሰ ማየቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወንዱስ?

ወንዱ ዳነ። ሁለት ወር ያህል መድኃኒትና ሙቀት ሳላጓድል አስታመምኩት። ሲበላና ሲበረታ ዶክተሩን አማክሬ ኅዳር ላይ፣ ሞቅ ባለ ቀን፣ ወንጂ ያገኘሁት አካባቢ ወስጄ ለቀቅኩት። እጮኛዬ አብራኝ ሄዳ ነበር። ካርቶኑን ስከፍት እንደ ድሮዋ ራቅ ብላ ቆመች። እሱ ምላሱን አንድ ሁለቴ አውጥቶ አየሩን ቀመሰና አገዳው ውስጥ ገባ። ዞር ብሎ አላየኝም። ምን ብሎ ያየኛል?

ወደ ናዝሬት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ያን ቀን ስላልሰማሁሽ ይቅርታ» አልኳት።

«እማማንም ይቅርታ ጠይቃቸው» አለችኝ። «መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው።»

ማታ ጠየቅኳት። እማዬ ቡናዋን እየቀዳች «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አራት ስለወለድኩ ነው» አለችኝ። ሰርቪሷም ባዶ ሆነች። ቴርሞሜትሩ ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፤ ኅዳር ሲገባ ሌሊት ሌሊት እየሄድኩ አየዋለሁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!